የእጮኛው ስጦታ… ሰማያዊው በርሜል!

በዚህች አምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ኩርፊያ፣ ስለ ሠርግ ወጪ፣ ስለ አማት… ያላወራነው የለም። ዛሬም የማወጋችሁ ስለ ሁለት ፍቅረኞች ነው። ያጣላቸው ግን ሌላ ሴት አይደለችም፣ ሌላ ወንድም አይደለም። በርሜል ነው! አዎ፣ ውሃ የሚጠራቀምበት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል። አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር፣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። (ታሪኩን የምጽፈው ሁለቱንም አስፈቅጄ ነው። ስማቸውን ግን ብትለምኑኝም አልነግራችሁም።)

ልጁ የሰፈሬ ልጅ ነው። አብረን አደግን፣ አስራ ሁለተኛንም አብረን ጨረስን። እኔ ጋዜጣ ላይ መሞነጫጨር ስጀምር እሱ የቀን ሥራ ጀመረ። እጮኛው ሱቅ ተቀጥራ የምትሠራ ቁም ነገረኛ ልጅ ናት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ የቀረው ያው ብር ነው። ብር የማይጎድለው ሠርግ የት አለ?

አንድ ቀን ደላላ መጣለት። ሥራው ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ፣ ከተዘጋ ዓመታት የሆነው የአንድ ፋብሪካ ግቢ ማጽዳት ነው። ግቢውን የተከራየው ሰው መጋዘን ሊያደርገው ፈልጓል። «ሼዱን ጠርጎ፣ የተከመረውን ጆንያና በርሜል አውጥቶ፣ የማይረባውን ጉድጓድ ውስጥ መጣል… በቃ! በቀን ስድስት መቶ ብር። ባዶ በርሜል የፈለገ ደግሞ ይወስዳል።» አምስት ሆነው ሄዱ። ጓንት? የለም። የአፍ መሸፈኛ? ከኮቪድ ጊዜ የተረፈች አንዲት ማስክ ኪሱ ውስጥ ነበረች፣ እሷኑ አደረገ። ጫማው ሸበጥ ነው።

ፋብሪካው ምን ያመርት እንደነበር ጠይቄዋለሁ። አንዱ «የቆዳ ነው» ይላል፣ አንዱ «የቀለም ነው» ይላል፣ ጥበቃው ደግሞ «እኔ ስቀጠር ተዘግቶ ነው ያገኘሁት» አላቸው። በሦስተኛው ቀን እጁን ያሳክከው ጀመር። በአራተኛው ቀን አንዱ ልጅ የሚጎትተው ጆንያ ተቀዶ ቢጫ ዱቄት ቦነነ፣ አምስቱም ሲያስሉ አመሹ። አሠሪው አዘነላቸውና ወተት ገዛላቸው። ወተት! ይቺ ወተት መቼ ነው ከየሥራ ቦታው የምትጠፋው? ወተት ሆድ ትሞላ ይሆናል እንጂ ሳንባ ውስጥ የገባ ብናኝ አታወጣም። በመጨረሻው ቀን ልጁ ሂሳቡን ተቀብሎ፣ አንድ ደህና በርሜል መርጦ፣ በባጃጅ ጭኖ ለእጮኛው አመጣላት። እሷ የተከራየችበት ግቢ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ስጦታ ከየት ይመጣል?

ልጅቱ ንጹሕ ናት። በኦሞ አጠበችው፣ በበረኪና ደገመችው፣ ፀሐይ ላይ ገልብጣ አዋለችው። ውሃ ሞላችው። ጠዋት ክዳኑን ስትከፍት ውሃው ላይ ዘይት መሳይ ነገር ሰፍፏል፣ ሽታው የጫማ ቀለም ሽታ ነው። ደፍታ እንደገና አጠበችው። እንደገና ሸተተ። «ይህን ነገር አውጣልኝ» ስትለው «ለአንቺ ብዬ ተሸክሜ ያመጣሁትን!» ብሎ ተቆጣ። እሷም ተቆጣች። ሦስት ቀን ተኮራረፉ።

እኔ ዘንድ የመጣችው በአራተኛው ቀን ነው። «አንተ የማታነበው ነገር የለም፣ እስቲ ይሄ በርሜል ምንድን ነው?» አለችኝ። በርሜሉን ከማየቴ በፊት ግን ፊቷን አየሁት። ለበርሜል ብቻ እንዲህ አይጠቆርም። ብዙ ካንገራገረች በኋላ ነገረችኝ… ነፍሰ ጡር ናት። ለእሱ ገና አልነገረችውም። አምስቱንም ቀን የለበሰውን ልብስ ደግሞ ያጠበችው እሷ ናት፣ በእጇ!

እኔ እንግዲህ የኬሚስትሪ ነገር አስራ ሁለተኛ ክፍል ቀርቷል። ስለዚህ ሰፈራችን ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ፣ እሳቸውን ለምኜ አመጣሁ። ጋሼ በርሜሉን አልነኩትም። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ሁለቴ ዞሩት። ጎኑ ላይ ከተቀደደ ወረቀት የቀረ ቀይ መስመር አለ፣ መስመሩ ውስጥ የራስ ቅል ግማሹ ይታያል። ስሙ የተጻፈበት ቦታ ተልጦ ጠፍቷል።

«ልጄ፣ ስንቴ አጠብሽው?»

«አራቴ ጋሼ።»

«እጣቢውን የት ደፋሽው?»

«ቦዩ ውስጥ።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፕላስቲክ ይጠጣል አሉን። ውስጡ የከረመው ነገር ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ ውሃ ስትሞላበት ቀስ እያለ ይመልሰዋል። መቶ ጊዜ ብታጥበው ለመጠጥ አይሆንም። እጣቢው ደግሞ አልጠፋም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ከቦይ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ታች ሰላጣና ጎመን ወደሚጠጣው መስኖ። «ፋብሪካ ሲዘጋ ሰው ነው የሚባረረው፣ ኬሚካሉ ጡረታ አይወጣም» ብለው ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሁለታችሁም።»

ጋሼ ነፍሰ ጡር መሆኗን ማንም አልነገራቸውም። ሽማግሌ ግን ያያል።

«ስሙ ማነው?»

ጤና ጣቢያ ሦስት ሆነን ሄድን። ወረፋው ላይ ልጁ «እኔስ እሺ፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምትመረመሪው?» አላት። ያን ጊዜ ነገረችው። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፣ የክትባት ማስታወቂያ አንብቤ ጨረስኩ፣ ደግሜም አነበብኩ። እሱ ምንም አልተነፈሰም። የተላላጠ እጁን ብቻ ያያል።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እጁን አየች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ ከዚያ ጠየቀችው።

«ምን ኬሚካል ነው የነካኸው?»

«ቢጫ ነገር ነው ዶክተር።»

«ስሙስ ማነው?»

«ዱቄት ነው… ሌላው ደግሞ ፈሳሽ ነው፣ ይሸታል። ስሙን አላውቀውም።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ወንድሜ፣ በቀለም መድኃኒት አይታዘዝም እኮ!» አለችው፣ ሳትቆጣ። ለቁስሉ ቅባት ሰጠችው፣ ለደም ምርመራና ለራጅ ወደ ሆስፒታል ጻፈችለት። ለእሷም የእርግዝና ክትትል አስጀመረችና የሆነውን ሁሉ ካርዷ ላይ መዘገበች። ከዚያ በላይ ምን ታድርግ? የአንዱ መርዝ ማርከሻ ለሌላው አይሠራም። ስሙ ከሌለ ሐኪም በጨለማ ነው የሚሠራው።

እኔን ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስለተዘጉ ፋብሪካዎች ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አደርኩ። ያነበብኩት ሁሉ ግን ወደ አንድ ከተማ ነው የሚመልሰኝ። ቦፓል ትባላለች፣ ሕንድ ውስጥ ናት። እስቲ እሷን ላውጋችሁ፣ ከዚያ ወደ ልጆቻችን እንመለሳለን። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

ዘመኑ 1977 ነው፣ እኛ በድርቅና በረሃብ የተመታንበት ዓመት። ኅዳር 23 ለ24 አጥቢያ፣ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቷል። ዩኒየን ካርባይድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቦፓል ውስጥ በነበረው ፋብሪካ «ሴቪን» የተባለ የተባይ ማጥፊያ ይሠራ ነበር። ለዚያ የሚጠቀምበት ሜቲል አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል የተጠራቀመበት ታንከር ውስጥ ውሃ ገባ። ኬሚካሉ ጋለ፣ ፈላ፣ ወደ 40 ቶን የሚሆን መርዘኛ ጋዝ ከተማው ላይ ተለቀቀ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ጋዙ የነካው ከግማሽ ሚሊዮን ሰው በላይ ነው። ሆስፒታል የተጥለቀለቀባቸው ሐኪሞች ደግሞ ሰው የተነፈሰው ምን እንደሆነ፣ መድኃኒቱም ምን እንደሆነ በቅጡ የሚነግራቸው አጡ። የእኛዋ ሐኪም ጥያቄ… በአንድ ሌሊት፣ በመቶ ሺዎች ሲባዛ!

ይህን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ያልተሰማው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፋብሪካው ከዚያ ሌሊት በኋላ ወደ መደበኛ ሥራው አልተመለሰም፣ ኩባንያው በ1981 ከሕንድ መንግሥት ጋር በ470 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ግቢው ግን እንዳለ ተረሳ። ፋብሪካው ገና ሥራ ላይ ሳለ ዝቃጩን እዚያው ግቢ ይቀብር፣ አጠገቡም ኩሬ ሠርቶ ያጠራቅም ነበር። አጥሩ ፈረሰ፣ ልጆች ክሪኬት ተጫወቱበት፣ ከብት ጋጠበት። የተቀበረው ቀስ እያለ ወደ ከርሠ ምድር ውሃው ሰረገ። በዙሪያው ያለው ድሃ ሰፈር ያንኑ ውሃ በእጅ ፓምፕ እየቀዳ ጠጣ። በ1996 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለነዚያ ሰፈሮች ንጹሕ ውሃ ይቅረብላቸው ብሎ አዘዘ። ከአደጋው ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል መሆኑ ነው።

ከላይ የቀረውን ዝቃጭ ደግሞ በ1997 ሰብስበው በከረጢትና በበርሜል አሽገው መጋዘን ውስጥ አስገቡት። 337 ቶን። እዚያው መጋዘን ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል ተቀመጠ! ማን ያውጣው፣ የት ይቃጠል፣ ማን ይክፈል እየተባለ። ፍርድ ቤት ከተቆጣ በኋላ በታኅሣሥ 2017 ነው የተነሣው። አነሣሡን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የሕንድ ጋዜጦች እንደጻፉት ወደ መቶ የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩ፣ ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው፣ ፈረቃቸው ግን ሠላሳ ደቂቃ ብቻ! ሠላሳ ደቂቃ ሠርቶ ይወጣል፣ ያርፋል፣ ሌላው ይተካል። አሥራ ሁለት የታሸጉ ኮንቴይነሮች በሌሊት፣ ፖሊስና አምቡላንስ አጅቧቸው፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ፒታምፑር ተጓዙ። የፒታምፑር ሰው «የቦፓልን መርዝ ለምን እኛ ላይ?» ብሎ ሰልፍ ወጣ፣ ሁለት ሰዎች ራሳቸው ላይ እሳት እስከ መለኮስ ደረሱ። ቃጠሎው ያለቀው በሰኔ 2017 ነው። አመዱ ደግሞ ኖራና ሌላም ነገር ስለሚጨመርበት ከተቃጠለው ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ እሱም እንደገና ተሸፍኖ መቀበር አለበት። የቦፓል ሰዎች ግን «ይህ እኮ ከላይ ያለው ብቻ ነው፣ አፈሩና ውሃውስ?» እያሉ ነው።

እንግዲህ እዚያ በሠላሳ ደቂቃ ፈረቃ የሚሠራውን ሥራ፣ የኔ ጓደኛ በሸበጥና በኮቪድ ማስክ በቀን አሥር ሰዓት ሠርቶታል። እርግጥ የሁለቱ ግቢ ኬሚካል አንድ ላይሆን ይችላል። ችግሩ ግን እሱ ራሱ ነው። አይታወቅማ!

«ታዲያ እንዴት ነው የሚጸዳው?»

ጋሼን ይህን ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ መጥረጊያ አይነሣም አሉኝ። መጀመሪያ ወረቀት ነው የሚነሣው። ፋብሪካው ምን ይገዛ ነበር፣ ምን ያመርት ነበር፣ የድሮ ሠራተኛ ማን አለ፣ የግምጃ ቤት መዝገቡ የት ገባ። ከዚያ ያወቀ ሰው ተሸፍኖ ገብቶ እያንዳንዱን ዕቃ ይቆጥራል፣ የማይታወቀውን ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ ያስመረምራል፣ ስም ይለጥፍበታል። ያፈሰሰ በርሜል በሌላ ጤነኛ በርሜል ውስጥ ይከተታል እንጂ አይገለበጥም። የሚጣሉት አንድ ላይ አይቀመጡም፣ አሲድ ለብቻ፣ የሚቀጣጠል ለብቻ። በአንዳንድ የብረት ቅብ ቤቶች የሚገኘው ሳያናይድ አሲድ ከነካው የሚወጣው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይገድላል። «እናንተ ግን ሁሉንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጨመራችሁት» አሉት ልጁን። ልጁ ዝም።

ደረቅ መጥረግ ክልክል ነው፣ ያቦናል። በውሃ ማጠብም ክልክል ነው፣ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ባዶ ነው ብሎ በርሜልን በብየዳ መቁረጥማ ሞት ነው፣ ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ታንከር ውስጥ ጓደኛህ ወድቆ ብታይ ዘለህ አትግባ። አየሩ የሚገድል ከሆነ አንተም ከጎኑ ነው የምትተኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው። አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያ አይሰበርም፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ ካንሰር የሚያመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ያኔ ማንን ትከሳለህ?

የተሰበሰበው ደግሞ የት ይሄዳል? ይህች የኛም አገር ታሪክ አላት። ለአንበጣ፣ ለተምች፣ ለወባ እየተባለ ለዓመታት በግዢም በእርዳታም የገባ የተባይ ማጥፊያ ጊዜው አልፎ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ነበር፣ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ትልቅ ክምችት ከነበራቸው አገሮች አንዷ ነበረች። በ1990ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነት ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው ተሰብስቦ፣ እንደገና ታሽጎ፣ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ሄደ። ለምን ፊንላንድ ድረስ? ምክንያቱም እንዲህ ዓይነቱ መርዝ በሜዳ እሳት አይጠፋም፣ ሌላ መርዝ ሆኖ ይጨሳል እንጂ። ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚያነድና ጭሱንም የሚያጣራ ልዩ ምድጃ ይፈልጋል። የኛ ልጆች ግን ጆንያውን በናፍጣ ሊያቃጥሉት ነበር፣ ዝናብ ነው የከለከላቸው። ዝናብ ይባረክ!

ሕጉማ አለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ማንም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው ራሱ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ያ ወጪ ነው እንግዲህ በአምስት ልጆች የቀን ሂሳብና በአንድ ሊትር ወተት የተሸፈነው።

የቀን ሥራ የምትፈልጉ ወንድሞቼ፣ እህቶቼም፣ «አትሥሩ» ብዬ አልመጻደቅባችሁም። የቤት ኪራዩን የማታውቁት አታድርጉኝ። ግን ደላላው «የተዘጋ ፋብሪካ» ካላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት። «ምንድን ነበር የሚመረትበት?» «እኔ ምን አውቃለሁ» ካለ፣ ስድስት መቶው በስድስት ሺህ ይቅርባችሁ። በድንገት ከነካችሁ ልብሱን ወዲያው አውልቁ፣ ሰውነታችሁን በብዙ ውሃ ታጠቡ፣ ዓይን ከሆነ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ውሃ አፍስሱበት። ማስታወክ አይገባም፣ አንዳንዱ ሲመለስ ጉሮሮውን እንደገና ያቃጥለዋል። በርሜሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሡትና ለሐኪም አሳዩ። ስልካችሁ ለቲክቶክ ብቻ ነው እንዴ የተገዛው? የሥራ ልብሳችሁን ደግሞ ለእናታችሁ፣ ለሚስታችሁ፣ ለሠራተኛዋ እንደ ተራ እድፍ አትወርውሩ።

ቤት ውስጥም ያው ነው። ሽንት ቤት «በደንብ እንዲጸዳ» ብላችሁ በረኪናና አሲድ አንድ ላይ የምትደፉ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እናቴም ታደርገው ነበር። ከሁለቱ የሚወጣው ክሎሪን የተባለው ጋዝ ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት ማለት ነው። በሩ ተዘግቶ፣ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ! በአንዱ ብቻ አጽዱ፣ በሩን ክፈቱ።

ወደ ልጆቹ ልመልሳችሁ። የልጁ እጅ እየዳነ ነው፣ ሳሉ ግን ማታ ማታ አለ። ራጁ ለጊዜው ደህና ነው ተብሏል። እሷም ክትትሏን አላቋረጠችም፣ እስካሁን ያዩት መጥፎ ነገር የለም። የሠርጉን ቀን ወደፊት አምጥተውታል፣ ለምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ። ኩርፊያው አልቋል። ከአራቱ ጓደኞቹ ሁለቱን ሐኪም ቤት አስገድዶ ወስዷቸዋል፣ አንዱ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ አንዱ ደግሞ ስልክ አያነሣም። ክፍለ ከተማው ያለው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄደን ስለ ግቢው አመልክተናል፣ የመዘገቡልን ቁጥር እኔ ጋ አለ።

በርሜሉስ? ጋሼ ባሉን መሠረት ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቶ፣ ከልጆች ርቆ፣ የግቢው ጥግ ላይ ቆሟል። ልጁ በወፍራም ቀለም «መርዝ! ውሃ አይቀዳበትም» ብሎ ጻፈበት። ባለፈው እሁድ ቡና ተጠርቼ እዚያ ቁጭ ብዬ ሳለ ቁራሌው በበሩ አለፈ፣ አንገቱን አስግጎ አየው።

«እህቴ፣ በርሜሉ ይሸጣል? ሰባት መቶ ልስጥሽ።»

«ጽሑፉን አታየውም?» አለችው።

«እሱ ምን አለበት፣ በቤንዚን ጠረግ ሲደረግ ይለቃል። ለውሃ ብዙ ፈላጊ አለው።»

«አይሸጥም።»

«ስምንት መቶ!»

ልጁ ተነሥቶ የግቢውን በር ዘጋው። ሰውየው ወደሚቀጥለው ቤት ሲያልፍ ድምፁ ይሰማናል። «ቁራሌው!… በርሜል ያለው!…»